የጣርማ በር ቁልቁለት፦ ቅጣቱ ይክበድ ወይስ ሌላ መላ አለ?

ጥያቄ አቅራቢ (ደብረ ብርሃን)፦ ከእኛ ከተማ በጣርማ በር ተራራ አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ አደጋ በሰማን ቁጥር «ትራፊኮቹ የት ነበሩ?» እንላለን። እኔ ትራፊክ ይብዛ፣ ቅጣቱም ይክበድ ባይ ነኝ። ሰው ኪሱ ሲነካ ነው የሚሰማው። እናንተስ?

የሚኒባስ ሾፌር፦ ወንድሜ፣ ትራፊክ ጋ ከመድረሴ በፊት ከፊት የሚመጣው ሾፌር መብራት ብልጭ አድርጎ ይነግረኛል። እኔም ለሌላው እነግራለሁ። ረዳቱ «ትርፎች ዝቅ በሉ!» ይላል፣ ሰዉ ያጎነብሳል። ስናልፍ ቀና ይላል። ቅጣቱ እጥፍ ቢሆን መብራቱ ይበዛል እንጂ ትርፍ ሰው መጫኑ አይቀርም። ለባለቤቱ የማስገባው የቀን ገቢ በቁርጥ ነው። ሞላም አልሞላም ይጠበቅብኛል። ቅጣቱን ግን የምከፍለው እኔ ነኝ።

ተሳፋሪ፦ ይቅርታ አድርግልኝና፣ የአንተ ገቢ ለእኔ ሞት ምክንያት አይሆንም። መሪውን የያዝከው አንተ ነህ።

መካኒክ፦ ስለ ትርፍ ብቻ አታውሩ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ ነው። ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ የወረደ ሰው፣ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ይተዋል። በከባድ ማርሽ (በአንደኛ ወይም በሁለተኛ) ከወረደ ሞተሩ ራሱ ይይዝለታል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ፣ የሚለቀውስ? ቢቆጥብም ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ፍጥነት ደግሞ እጥፍ ሲሆን የሚያላትመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ጭነት ሲጨመርበት አስቡት። ክረምት ላይ ጉሙ አለ፤ መንገዱ ተራራውን የሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ የፊተኛው መኪና የማይታይበት ቀን አለ። ይሄን በቅጣት ወረቀት ማንም አያስተምርም።

የመኪና ባለቤት፦ ሁሉም ወደ እኛ ጣቱን ቀሰረ። ገቢውን ካልቆረጥኩ ስንት እንደጫነ በምን አውቃለሁ? የባንክ ብድር አለብኝ፣ ጎማ ወርቅ ሆኗል።

መምህር፦ ጋሼ፣ ችግርዎ ይገባኛል። ግን ገቢውን የሚቆርጡት እርስዎ ከሆኑ፣ ትርፉን ያስጫኑት በከፊል እርስዎ ነዎት። ትርፍ ሲያዝ የሾፌሩ ጥፋት ይመዘገባል፣ መኪናው ግን ነገ በሌላ ሾፌር ይወጣል። የአንድ መኪና ጥፋት ሲደጋገም ባለቤቱም ይጠየቅ። ተሳፋሪ ደግሞ ራሱን ነጻ አያድርግ። «ዝቅ በሉ» ሲባል የሚያጎነብሰው ማን ሆነና ነው?

ተሳፋሪ፦ ሲመሽ መኪና ከሌለ ምን ላድርግ? ልደር? ይሄንንም እዩልኝ።

ጥያቄ አቅራቢ፦ ባለቤቱ ይጠየቅ በሚለው ተስማምቻለሁ። ቅጣቱ ላይ ግን አልለቅም። መናኸሪያ መውጫ ላይ ሰው ተቆጥሮ ቢወጣም ትርፉ ከከተማ ውጭ ነው የሚሳፈረው። ስለዚህ ሁሉም ቆሎ ሊገዛ የሚቆምበት ደብረ ሲና ላይ ፍሬንም ሰውም ይታይ።

መካኒክ፦ ደብረ ሲና ሲደርስማ ከዋሻው በታች ያለው ጠመዝማዛ አልፏል። ቁጥጥሩ ከዋሻው ወዲህ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ይሁን። ሁለት ሰው፣ አንዱ የፍሬን ነገር የሚያውቅ ሆኖ፣ ይበቃል።

የሚኒባስ ሾፌር፦ እሱን ካደረጋችሁ እኔም መብራት አላበራም። ባለቤቱ ግን የዕለቱን ገቢ ይቀንስልኝ።