ክርክር፦ ድራማዎች የመጽሐፉን ክፉ ሰው ለምን ያለዝቡታል?

ገጽ ገላጭ፦
ከምናባዊ ልብ ወለዶች የሚሠሩ ተከታታይ ድራማዎች ላይ አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። መጽሐፉ ውስጥ አውቆና አስቦ ክፉ የሠራ ሰው፣ ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ ይለዝባል። ወንጀሉ አይቀርም። ግን ወይ ሳያስበው ሆነ ይባላል፣ ወይ ተገዶ ነው ይባላል። እኔ ይሄ ታሪኩን ያበላሸዋል ባይ ነኝ። እናንተስ? (ያላነበባችሁና ያላያችሁ ካላችሁ ከዚህ በታች የታሪኩ ፍጻሜ ሁሉ አለ፣ ተጠንቀቁ።)

ምሳሌዬ ታይሪየን ላኒስተር ነው። ጌም ኦፍ ትሮንስ በተሠራበት የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ተከታታይ ልብ ወለድ፣ በ2000 በወጣው ሦስተኛ መጽሐፍ፣ ታይሪየን ከእስር አምልጦ አባቱ መኝታ ቤት ይገባል። አልጋው ላይ ያገኛት ውሽማውን ሼይን ነው። ችሎት ፊት ቆማ የመሰከረችበትም እሷ ናት። እጇ ላይ ምንም የለም። ትለማመጠዋለች። እሱ ግን አንገቷ ላይ ባለው የወርቅ ሰንሰለት አንቆ ይገድላታል።

ጌም ኦፍ ትሮንስ ይህን ትዕይንት በ2014፣ በአራተኛው ሲዝን መጨረሻ አሳየን። እዚያ ሼይ ገና ስታየው ቢላ ታነሣለች። ይታገላሉ፣ ያንቃታል፣ ከዚያ ይቅርታ ይላታል። ቢላዋን የጨመሩት ታይሪየንን እንዳንጠላው ነው። ዋጋውን የከፈለችው ግን ሼይ ናት። መጽሐፉ ውስጥ የተገደለች ሴት ነበረች። ድራማው ላይ ቀድማ ያጠቃች ሴት ሆነች።

ስክሪን ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ አንድ ነገር ረስተሃል። መጽሐፉ ሙሉ ምዕራፎችን ከታይሪየን ጭንቅላት ውስጥ ሆኖ ነው የሚነግርህ። እዚያ ክፍል ከመግባቱ በፊት ስለ መጀመሪያ ሚስቱ ስለ ታይሻ ምን እንደሰማ፣ ልቡ እንዴት እንደተሰበረ ታውቃለህ። ካሜራ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል? ያለው ፊትና እጅ ነው። ስለዚህ ሐዘኑን በድርጊት ያሳያል።

ደግሞ ሁልጊዜ ያለዝባሉ ማለት ልክ አይደለም። የታይሪየን ወንድም ጄሚ በሁለተኛው ሲዝን ከምርኮ ለማምለጥ የገዛ ዘመዱን ይገድላል። መጽሐፉ ውስጥ ይሄ የለም። በ2014 ደግሞ በልጃቸው አስከሬን አጠገብ ከእህቱና ውሽማው ከሰርሲ ጋር ያለውን ትዕይንት ከመጽሐፉ በጣም የከፋ አድርገው ስለሠሩት ስንት ጭቅጭቅ እንደተነሣ ታስታውሳላችሁ።

ሌሊት አንባቢ፦
የውስጥ ድምፅ ጉዳይ ላይ አልስማማም። ሰርሲን ተመልከት።

በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ በ1996ቱ፣ ለንጉሡ ዋና አማካሪ ለኔድ ስታርክ አፍ አውጥታ ትነግረዋለች። ከባሏ ከንጉሥ ሮበርት አንድ ጊዜ አርግዛ አስወርዳዋለች። ልጁን ያልፈለገችው ሮበርትን ስለምትጠላው ነው። ድራማው ይህን ወስዶ ምን አደረገው? ገና በሁለተኛው ክፍል ሰርሲ የኔድ ሚስት ካትሊን አጠገብ ተቀምጣ ጥቁር ፀጉር ስለነበረው፣ በትኩሳት ስለሞተባት የበኩር ልጇ ትተርካለች። ሮበርት በሐዘን ግድግዳ እየደበደበ እጁን እንዳደማ ጭምር። ጥላቻ የነበረው ነገር የእናት ሐዘን ሆነ። በሁለተኛው መጽሐፍ የሮበርት ዲቃላ ሕፃን የተገደለችው በሰርሲ ትእዛዝ ነው። ድራማው ላይ ትእዛዙ ወደ ልጇ ወደ ጆፍሪ ዞረ።

አሁን የውስጥ ድምፅ ወዳልከው ልምጣ። በ2005 በወጣው አራተኛ መጽሐፍ ሰርሲ ጭንቅላት ውስጥ እንገባለን። ፍርሃቷን፣ ልጅ ሳለች የተነገራትን ትንቢት፣ አባቷ እንደ ወንድ ልጅ ስላልቆጠራት የሚያንገበግባትን ሁሉ እናውቃለን። በዚያው መጽሐፍ በሰው ላይ ሙከራ ለሚያደርገው ለካይበርን ሴቶችን አሳልፋ ትሰጣለች፣ እዚያ ምን እንደሚደረግባቸውም ጠይቃ ማወቅ አትፈልግም። ውስጧን ማየታችን አላለዘባትም። እንዲያውም የበለጠ አስፈራችኝ። ማስረዳትና ማስተባበል ለየቅል ናቸው።

አንቀጽ፦
ሁላችሁም ማርቲን ላይ ተጣበቃችሁ፣ ሌሎችም አሉ።

ዘ ዊል ኦፍ ታይም ላይ አስማተኛዋን ሊያንድሪንን ያያችሁ? መጽሐፉ ውስጥ ክፉ ናት፣ በቃ። ቂመኛ ናት፣ ትዕቢተኛ ናት፣ ከዚያ የሚያልፍ ነገር አላገኘሁባትም። በ2023 በወጣው ሁለተኛ ሲዝን ግን አርጅቶ በሞት አፋፍ ያለ ልጅ ሰጧት። እሷ በኃይሏ ምክንያት አታረጅም፣ እሱ ግን እንደ ማንኛውም ሰው አርጅቷል። በድብቅ ክፍል አስቀምጣ ታስታምመዋለች። እኔ ይህን በጣም ወደድኩት። ምክንያቱም ሥራዋን አልነኩባትም። ልጃገረዶቹን ኤግዌንንና ናይኒቭን መጽሐፉ ላይ እንደሸጠቻቸው ድራማው ላይም ትሸጣቸዋለች። አውቃ፣ ፊት ለፊት። ልጅ ስላላት የልጃገረዶቹ ሰንሰለት አልቀለለም።

ሼዶ ኤንድ ቦን ደግሞ በተቃራኒው ነው። በ2012ቱ መጽሐፍ ዳርክሊንግ የተባለው ክፉ ሰው አገሩን የሚከፍለውን የጨለማ ግድግዳ የፈጠረው ለሥልጣን ካለው ረሃብ ነው። በ2021 ድራማው የሚወዳትን ሴት የንጉሥ ወታደሮች ሲገድሉበት አሳየንና ጥፋቱን ሁሉ ከዚያ ሐዘን ጋር አያያዘው። ያ ለኔ አልተዋጠልኝም።

ገጽ ገላጭ፦
ሊያንድሪን ላይ እስማማለሁ። እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ለክፉ ሰው ምክንያት መስጠት አንድ ነገር ነው፣ ውሳኔውን መውሰድ ሌላ። ምክንያት ጨምሩ፣ ግድ የለኝም። ውሳኔውን ግን አትንኩ።

ከጌም ኦፍ ትሮንስ በፊት የሆነውን የሚተርከው ሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን የሚያናድደኝ በዚህ ነው። በ2022 የመጀመሪያው ሲዝን መጨረሻ ልዑል ኤመንድ የእህቱን ልጅ ሉሴሪስን ሰማይ ላይ ሲያሳድድ ዘንዶዋ ቬጋር አልታዘዝ ትለዋለች። ተይ እያለ ይጮኻል፣ እሷ ልጁን ከነዘንዶው ትበላዋለች። አንድ አገር የሚያነድ ጦርነት የተቀጣጠለው በአደጋ ነው ማለት ነው። የኤመንድ እናት ንግሥት አሊሰንትም እንደዚሁ፣ የሚሞተውን ባሏን ንግግር በተሳሳተ መንገድ ተረድታ ልጇን ወደ ዙፋን ትገፋለች። መጽሐፉ ውስጥ ዙፋኑን የፈለገችው ስለፈለገችው ነው።

ስክሪን ወዳጅ፦
እዚህ ላይ ግን መጽሐፉን ራሱን ልጥቀስልህ። ድራማው የተሠራበት የ2018ቱ ፋየር ኤንድ ብለድ እንደ ሌሎቹ ልብ ወለድ ሆኖ አልተጻፈም። አንድ የታሪክ ጸሐፊ ከብዙ ዘመን በኋላ እርስ በርስ የማይስማሙ ምንጮችን እያጣቀሰ ያዘጋጀው መዝገብ ተደርጎ ነው የቀረበው። አንዱ ምንጭ ቄስ ነው፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ የቤተ መንግሥት አስቂኝ። ከእነዚህ ማን ሰማይ ላይ ነበር? ኤመንድ በማዕበሉ ውስጥ ምን ብሎ እንደጮኸ ያየም የሰማም የለም። ድራማው ጸሐፊው ሊያውቅ በማይችለው ቦታ ነው የገባው። ያ የደራሲውን ጨዋታ መረዳት ነው እንጂ ማለዘብ አይደለም። ደግሞ ኤመንድ ከዚያ በኋላ አደጋ ነበር ብሎ አያስተባብልም። የፈሪ ኩራት ነው፣ ለኔ ከመጽሐፉ የበለጠ ከብዶኛል።

ሌሊት አንባቢ፦
ለሰማዩ እሺ። የኤመንድ እህት የሄሌና ክፍል ውስጥ ግን ምስክር ነበር፣ እናትየዋ ራሷ ነበረች።

መጽሐፉ ላይ የሉሴሪስ እንጀራ አባት ዴመን ለተገደለው ልጅ ልጅ ይከፈላል ብሎ ሁለት ሰዎች ይልካል። ሄሌናን ከሁለቱ ወንዶች ልጆቿ አንዱን ምረጪ ይሏታል። ትንሹን ሜይሎርን ትመርጣለች። እነሱ ግን ታላቁን ጄሄሪስን ይገድላሉ። ከዚያ በኋላ ሄሌና የሜይሎርን ዓይን ማየት አትችልም፣ ምርጫዋን ሰምቷልና። በ2024 በሁለተኛው ሲዝን ሜይሎር የሚባል ልጅ የለም። ስለዚህ ምርጫ የለም። ሰዎቹ የቱ ነው ወንዱ ይላሉ፣ እሷ ታመለክታለች፣ ያበቃል። ዴመንም የሚልካቸው ኤመንድን እንዲገድሉ ነው። ካላገኘነውስ ብለው ሲጠይቁት ካሜራው ፊቱ ላይ ይቀራል፣ መልሱን አንሰማም። ማርቲን ራሱ በመስከረም 2024 በሜይሎር መቅረት ቅር መሰኘቱን በብሎጉ ጽፎ ነበር፣ ጽሑፉ ቆይቶ ከገጹ ተነሣ እንጂ።

ስክሪን ወዳጅ፦
የዴመን መልስ መቆረጡ ማምለጫ ነው፣ እሱን እሰጥሻለሁ።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በ2011 በወጣው አምስተኛ መጽሐፍ ታይሪየን ሴልሆሪስ ከተማ ውስጥ አንዲት ባሪያ ሴት ላይ የሚያደርገውን ማን ይቀርጻል? ገጽ ላይ ተዋናይት የለችም። ካሜራ ፊት ግን አለች፣ እውነተኛ ሰው ናት። እኔ ያንን ትዕይንት ማየት አልፈልግም።

ሌሊት አንባቢ፦
እኔም አልፈልግም። ተውት ቢሉኝ ደስ ብሎኝ እቀበል ነበር፣ ማንም ሳያየው ያልፋል።

እነሱ ግን አልተዉትም። በአምስተኛው ሲዝን ታይሪየን ቮላንቲስ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ይገባል፣ ከአንዲት ሴት ጋር ያወራል፣ አልችልም ብሎ ሳይነካት ይወጣል። ቦታውን ጠብቀው ግልባጩን አስገቡበት። መጽሐፉ ላይ የወደቀበት ቦታ ላይ ድራማው ጨዋ አደረገው። ለዚህኛው የካሜራው ችግር ነው የሚል መልስ ካለህ ንገረኝ።