በቤት በተሠራ የእንጨት ኬዝ ውስጥ ማዘርቦርድ ስገጥም ኮምፒውተሩ ወዲያው ይጠፋብኛል፤ ምን ላድርግ?

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ሁለተኛ እጅ ኮምፒውተር ኬዙ በመንገድ ላይ ተጨፍልቆ ደረሰኝ። ደግነቱ ውስጡ አልተነካም። አጎቴ አናጺ ስለሆነ በደረቀ ዋንዛ ሳጥን ሠራልኝ። ማዘርቦርዱ የሚያርፍበትን 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ደግሞ ሰኞ ገበያ አካባቢ አስቆረጥኩ። ቀዳዳዎቹን ከአሮጌው ኬዝ ላይ በወረቀት ገልብጬ ዘጠኙንም በሳሁ፤ ዘጠኙም ላይ እነዚያን ስድስት ጎን ያላቸውን አጫጭር የነሐስ ማቆሚያዎች አሰርኩ። ማዘርቦርዱ ማይክሮ ኤቲኤክስ (ከመደበኛው ኤቲኤክስ አነስ ያለ መጠን) ነው፤ የብሎን ቀዳዳው ስድስት ነው።

ማብሪያውን ስጫን ማራገቢያው ግማሽ ዙር ዞሮ ይቆማል። ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም። ከመጓዙ በፊት ሲሠራ በቪዲዮ አይቼዋለሁ። ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ይሆን? ሌላ የምገዛበት ገንዘብ የለኝም፤ እባካችሁ ምከሩኝ።

ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)፦

ወንድሜ፣ አይዞህ፤ የተቃጠለ አይመስለኝም። ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሳጥን) ሲነሳ ወዲያው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ራሱን ሲከላከል ነው፤ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፣ መነካካት የሌለባቸው ነገሮች ተነካክተዋል ማለት ነው። ጥፋቱንም ራስህ ጽፈኸዋል፦ ማቆሚያው ዘጠኝ፣ ቀዳዳው ስድስት። የቀሩት ሦስቱ የት ናቸው? አንዱ እንኳ በማዘርቦርዱ ሥር ካለ ጫፉ ከጀርባው የብየዳ ነጥቦች ጋር ይነካካል፤ ነሐሱም ኤሌክትሪኩን ወደ ላሜራው ያሻግረዋል።

መጀመሪያ ግን ማዘርቦርዱን ከሳጥኑ አውጣና በደረቅ ካርቶን ላይ አስቀምጠው። ይዞት የመጣው ብርማ ከረጢት ላይ ግን አታስነሳው፤ የከረጢቱ ውጫዊ ክፍል ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል። ፕሮሰሰሩ ከነማራገቢያው፣ አንድ ራም፣ ባለ 24 ፒኑ ገመድና የፕሮሰሰሩ ገመድ ብቻ ይሰኩ። ሃርድ ዲስክ አያስፈልግም። የማብሪያውን ሁለት ፒኖች በካቻቪቴ ጫፍ ለአንድ አፍታ አገናኛቸው። ከተነሳና ከቆየ ማዘርቦርዱ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው አገጣጠሙ ላይ ነው።

የወልድያዋ ተማሪ፦

እኔም ባለፈው ክረምት በኮምፔንሳቶ ሠርቼ ስለነበር የደከምኩበትን ልንገርህ። ቀዳዳ ከሌላ ኬዝ አይገለበጥም። ማዘርቦርዱን ራሱን በወፍራም ወረቀት ላይ አስተኝተህ በየቀዳዳው ሹል እርሳስ አስገባ፤ የሚበሳው ምልክት የወጣበት ብቻ ነው። ማስመሪያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲስት ስድስተኛው ብሎን አይገባም፤ በጉልበት ከገባ ደግሞ ሰሌዳውን ያጎብጠዋል።

ነሐሱን ያጣ ሰው በባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ መተካት ይችላል። እያንዳንዱን 6 ሚሊ ሜትር ተኩል አድርጌ ቆረጥኩ፤ ሁሉንም ጎን ለጎን አቁሜ በጣቴ እየዳበስኩ ቁመታቸው እስኪተካከል በብርጭቆ ወረቀት ሞረድኩ። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን በመሃሉ አልፎ ከሥር በዳዶ ይታሰራል። እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም።

አናጺ ነኝ (ሐይቅ)፦

አጎትህ ዋንዛ መምረጣቸው መልካም ነው፤ ባሕር ዛፍ ቢሆን ሲደርቅ ይጣመምብህ ነበር። የምፈራልህ ለኋለኛው ግድግዳ ነው። እሱም እንጨት ከሆነ የማዘርቦርዱ መሰኪያዎች ውስጥ ገብተው ይቀራሉ፤ ገመድ አይደርስባቸውም። የኋላውን በላሜራ አድርገው። ለመሰኪያዎቹ የሚቆረጠው መስኮት 158.75 በ44.45 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚመጣው ቀጭን ክዳን ጥርሱ የሚይዘው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ብረት ላይ ብቻ ነው። መደበኛው የኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ 150 በ86 ነው። መጀመሪያ ጠበብ አድርገህ ቁረጥና በሊማ እየሞረድክ አስፋው። የሞረድክበትን ብናኝ ማዘርቦርዱ ከመግባቱ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፤ አንዲት የብረት ብናኝ እንደዚያ ማቆሚያ ሾርት ትፈጥራለች።

እንጨቱን ስትበሳ ደግሞ ከቪቴው የቀጠነ ፑንታ አስቀድም። ዋንዛ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ካርቶን ላይ ተነሳ! አስር ደቂቃ ሙሉ ሳይጠፋ ቆየ። ከዚያ ላሜራውን ሳየው ሁለቱ ማቆሚያዎች ከማዘርቦርዱ ውጭ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን በትክክል ከራሙ ሥር ነው። ማዘርቦርዱን ገልብጬ ስመለከት ጫፉ ያረፈበት ቦታ ላይ የክብሪት ራስ የምታክል ጭረት አለች።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። እንጨት በሙቀት አይቃጠልም? ደግሞስ ላሜራውን ስነካው እጄን ትንሽ ይነዝረኛል፤ ይህ ጤነኛ ነው?

ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)፦

ሁለተኛውን ላስቀድም፤ እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ፓወር ሰፕላዩ መግቢያው ላይ የኤሌክትሪክ ጫጫታ የሚያጣሩ ካፓሲተር የሚባሉ ትንንሽ ዕቃዎች አሉት፤ እነሱም በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ብረት አካሉ ያሳልፋሉ። ያ በኧርዝ መስመር ወደ መሬት መውረድ ነበረበት። የነዘረህ ሶኬትህ ሦስተኛው ቀዳዳ ኖሮት ከኋላው ምንም ስላልታሰረበት ይሆናል፤ በብዙ ቤቶች የማየው ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ አስለካ፤ ኧርዝ ከሌለ አስገባ። እስከዚያ ድረስ ሳጥኑን ከፍተህ ስትነካካ ገመዱን ከሶኬት ንቀል። ይህን ችላ አትበለው፤ 220 ቮልት ነው።

በብረት ኬዝ ሁሉም አካል እርስ በርሱ ይገናኛል፤ በእንጨት ግን አይገናኝም። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ የታሰረበትን የኋላ ላሜራና የማዘርቦርዱን ላሜራ ጫፉ ቀለበት ባለው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ አገናኛቸው። ቀለም ካለው ቀለበቱ የሚያርፍበትን ፍቀው፤ በቀለም ላይ የታሰረ ሽቦ እንዳልታሰረ ነው።

ስለ ሙቀቱ፦ ኮምፒውተሩ በደህናው ጊዜ የሚያወጣው ሙቀት ዋንዛን አያቃጥልም። አየር ካልዞረ ግን ዕቃዎቹ ይጎዳሉ። ደሴ ብርድ ናት ብለህ አትዘናጋ፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው በእያንዳንዱ ዙር የሚያነሳው አየር ያንሳል። 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ ከፊት ወደ ታች ገደማ እንዲያስገባ፣ ሌላው ከኋላ ወደ ላይ እንዲያስወጣ አድርገህ ግጠም። የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል 105 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ፓወር ሰፕላዩም ማራገቢያው ወደ እንጨቱ ተጠግቶ እንዳይታፈን።

የወልድያዋ ተማሪ፦

ማስገቢያው ላይ የአሮጌ አጎበር ቁራጭ ወጥረህ ለጥፍበት፤ በየሁለት ሳምንቱ አውልቀህ ታጥበዋለህ። ቡና የሚፈላበት ክፍል ከሆነ ደግሞ ሳጥኑን ከከሰል ምድጃው አርቀው። የእኔን ስከፍት የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች በአመድ ተደፍነው አገኘሁ፤ አቦል ሲቀርብ ምድጃው ከጎኑ ነበር የሚቀመጠው።

አናጺ ነኝ (ሐይቅ)፦

ሃርድ ዲስክ ካለህ በቀጥታ በእንጨቱ ላይ አትሰረው፤ ሳጥኑ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ከአሮጌ ካላማዳሪያ ጎማ ቆርጠህ በአራቱም ብሎኖች ሥር አድርግ። ክዳኑንም አጎትህ ጥቂት ክፍተት ይተዉለት፤ ሐምሌና ነሐሴ እርጥበቱ ሲገባ እንጨቱ ያብጣል፤ ልክክ ብሎ የተሠራ ክዳን ያን ጊዜ አይከፈትልህም።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦

ሦስቱን ማቆሚያ አወጣሁ፤ በሳጥኑ ውስጥ ተነሳ፤ ይህን የምጽፍላችሁ በእሱ ነው። የኋላውን ላሜራ ነገ አስቆርጣለሁ። ሦስተኛው የሶኬት ቀዳዳ ባዶ መሆኑን ኤሌክትሪሺያኑ አሁን አይቶ ነግሮኛል፤ ቅዳሜ ኧርዙን ሊያስገባልን ተስማምተናል። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ አጥፍቼ እስከዚያ እነቅለዋለሁ።