ሲቲውም ኤምአርአዩም ንጹሕ ሆኖ ምልክቱ ለቀጠለ የቀድሞ ወታደር ዲቲአይ ምን ይጨምራል?

ናሆም_ኒውሮ
ሰላም ለሁላችሁ። በፍንዳታ የተመቱ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተሠሩ የዲቲአይ (በአንጎል የነርቭ ክሮች ውስጥ የውሃን እንቅስቃሴ የሚለካ የኤምአርአይ ዓይነት) ጥናቶችን ለንባብ ቡድናችን እያዘጋጀሁ ነው። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መርሳትና ቁጡነት ቀላል ከሚባለው የአንጎል ጉዳትም ከፒቲኤስዲም (ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ ከሚመጣው የአእምሮ ሕመም) ይመጣሉ። ምስሉ ሁለቱን ይለያል? ለአንድ ታካሚ ውጤት መስጠት ይቻላል ወይስ ለጥናት ብቻ ነው?

ዶ/ር ሰብለ
ለአንድ ሰው አይለይም። «ቀላል» የሚለው ደረጃ ራሱ የሚወሰነው በአደጋው ታሪክ ነው፦ ራስን መሳቱ ከ30 ደቂቃ፣ የማስታወስ ክፍተቱ ከ24 ሰዓት ካልበለጠና የግላስጎው (የንቃት መለኪያ) ነጥቡ ከ13 እስከ 15 ከሆነ።

በ2011 የወጣውን የላንድሽቱል (በጀርመን ያለ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል) ጥናት በደንብ አንብበው። ቀላል የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው 63 ወታደሮች ፍንዳታ ቢደርስባቸውም የአንጎል ጉዳት ከሌለባቸው 21 ወታደሮች ጋር ተነጻጽረዋል። በቡድን ደረጃ በሲንጉለምና በሴሬቤለም መካከለኛ ፔደንክል (ሁለቱም የነርቭ ክር ጥቅሎች ናቸው) ልዩነት ታየ። በነፍስ ወከፍ ሲቆጠር ግን በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ ችግር የተገኘው በ18ቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ዲቲአይ «ጉዳት የለም» አያሰኝም።

ቴክኒሻን_አቤ
እኔ ስለ ማንሣቱ ልናገር፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው።

ማሽኑ ኃይለኛ ማግኔት ስለሆነ ከሁሉ በፊት ብረት። ፍንጣሪ ዐይን ውስጥ ሊኖር ይችላል ተብሎ ከተጠረጠረ ቅድሚያ የዐይን አካባቢ ራጅ፤ «ተወግዷል ብለውኛል» ማለቱ አይበቃም።

ከዚያ 3 ቴስላ (የማግኔቱ ጉልበት)፣ 2 ሚሊሜትር ቮክስል (የምስሉ ትንሹ ኩብ)፣ ቢ-እሴት (ምስሉ ለውሃ እንቅስቃሴ ያለው ትብነት) 1000፣ ከተቻለ 64 አቅጣጫ። በተገላቢጦሽ ፌዝ (መጣመሙ በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲወጣ) የተነሡ ጥቂት ቢ-ዜሮ (ቢ-እሴታቸው ዜሮ የሆነ) ምስሎችን አትዝለል። ኦርቢቶፍሮንታል የሚባለው ከዐይን በላይ ያለው የአንጎል ክፍል አየር ካለበት ሳይነስ በላይ ስለሆነ ምስሉ ይጣመማል፤ ያለ እነሱ ማቃናት ይከብዳል።

ሦስተኛው እንቅስቃሴ ነው። ጠባቡ ቱቦና የማሽኑ ድብደባ ፒቲኤስዲ ላለበት ሰው ፈተና ነው። ጭንቅላት ሲነቃነቅ የኤፍኤ ቁጥር (ውሃው ምን ያህል በአንድ አቅጣጫ እንደሚንቀሳቀስ የሚያሳየው) ይዛባል፤ ሕመምተኞቹ ከጤነኞቹ በላይ ከተነቃነቁ ውጤቱ «ጉዳት» መስሎ ይወጣል። የጆሮ መሰኪያና ማዳመጫ አብረው፣ ጎንና ጎን ስፖንጅ፣ ከየሲኩዌንሱ (ከእያንዳንዱ የማንሣት ዙር) በፊት «አሁን ይጮኻል፣ ይህን ያህል ደቂቃ ነው» ማለት። ዲቲአዩን ሰውየው ሳይሰለች ቀደም አድርገህ አንሣ። ለጥቃቅን የደም መፍሰስ ኤስደብሊውአይ (ደምን አጉልቶ የሚያሳይ የኤምአርአይ ዓይነት) ጨምር።

ደግሞ ሕመምተኞቹን በአንድ ማሽን፣ ማነጻጸሪያዎቹን በሌላ ማንሣት ጥናቱን ገደል መክተት ነው።

ሕሊና_ሪሰርች
አቤ ባለው ላይ፦ ኤፍኤ ዝቅ አለ ማለት ክሩ ተበጠሰ ማለት አይደለም። ክሮች በሚተላለፉበት ቦታ በጤነኛውም ዝቅ ይላል።

ሁለት ቡድን ማወዳደርም አይበቃም። ጉዳት ብቻ፣ ፒቲኤስዲ ብቻ፣ ሁለቱም፣ አንዱም የሌለባቸው፤ አራቱም ጦር ሜዳ የዋሉ መሆን አለባቸው። አልኮልና የእንቅልፍ አፕኒያም (በእንቅልፍ የትንፋሽ መቆራረጥ) ይመዝገቡ።

የሂፖካምፐስን (ከማስታወስ ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል) ማነስ «የጦርነት ጠባሳ» ለሚሉት በ2002 የታተመው የቬትናም ዘማቾች ጥናት ጥሩ መልስ ነው። ከባድ ፒቲኤስዲ ያለበት ዘማች ሂፖካምፐሱ አነስ ያለ ሲሆን፣ ያልዘመተው መንትያውም እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። ማነሱ በከፊል ቀድሞ የነበረ ተጋላጭነት ይመስላል።

ናሆም_ኒውሮ
አመሰግናለሁ። አንዳንድ የግል ክሊኒኮች በቀለም ያጌጠ ስፔክት (የአንጎልን የደም ፍሰት የሚያሳይ የኑክሌር ሕክምና ምስል) «ይለያል» ብለው በውድ ይሸጣሉ። እሱስ?

ዶ/ር ሰብለ
ለቀላል ጉዳት ምርመራ በመደበኛነት የሚመከር አይደለም፤ ገንዘቡን ይያዝ። በ2008 የወጣው ከኢራቅ በተመለሱ 2,525 ወታደሮች ላይ የተሠራ ጥናት ፒቲኤስዲና ድብርት በስሌት ሲነጠሉ፣ ከጉዳቱ ጋር ተያይዞ የቀረው የአካል ችግር ራስ ምታት ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ምስል ሳይጠበቅ ፒቲኤስዲው በንግግር ሕክምና፣ እንቅልፉም ራስ ምታቱም ለየብቻ ይታከሙ። ታካሚው ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ለአካል ጉዳት ካሳ የሚያመለክት ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን የጉዳት ምርመራ የነርቭ፣ የአእምሮ፣ የተሐድሶ ሐኪም ወይም የነርቭ ቀዶ ሐኪም ማድረግ አለበት፤ ባለቀለም ምስሉ ይህን አይተካም።