የመምረጫ ዕድሜን ለማውረድ የተጠራ ሕዝበ ውሳኔ እንዴት ይታገዳል?

መምህሩ (ደሴ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ለክርክር ክበባችን "የመምረጫ ዕድሜ ወደ 16 ይውረድ ወይ" የሚል ርዕስ ሰጥቼ ስንዘጋጅ ፊሊፒንስ ላይ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1971 የሕገ መንግሥት ጉባኤያቸው ዕድሜውን ከ21 ወደ 18 ለማውረድ ሕዝበ ውሳኔ ጠራ፤ ሴናተር አርቱሮ ቶለንቲኖ ከሰሱ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አገደው። አንዲት የ17 ዓመት ተማሪዬ እጇን አውጥታ "ሕዝብን መጠየቅ ምኑ ነው ጥፋቱ ቲቸር?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። የሕግ ሰዎች እስቲ አግዙኝ።

የሐይቁ፦
አብሽር መምህር። ፍርድ ቤቱ ዕድሜው አይውረድ አላለም። ጉባኤው ገና ሕገ መንግሥቱን ሙሉ እየመረመረ ሳለ ይቺን አንዷን ነጥሎ አጸደቀና ከኖቬምበር 8ቱ ምርጫ ጋር ድምፅ ይሰጥባት አለ፤ ሌላው ማሻሻያ በኋላ ይመጣል ብሎም እዚያው ውሳኔው ላይ ጻፈ። ችግሩ እሱ ነው። ዳኞቹ ሕገ መንግሥቱን ሲተረጉሙ አንድ ጉባኤ ያወጣው ማሻሻያ ሁሉ በአንድ ምርጫ ለሕዝብ ይቅረብ አሉ። ቤቱ ገና ሳይማገር በሩን ወደዳችሁት ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ሰዎች የ18 ዓመት ልጅ ይምረጥ ብለው ድምፅ ሲሰጡ፣ መራጭ ማንበብና መጻፍ አለበት የሚለው ግዴታ ነገ ይቅር አይቅር አያውቁም።

ኮምቦልቻ፦
እኔ አልስማማም። አንድ ግልጽ ጥያቄ ለመመለስ ሕዝቡ የግድ መጽሐፉን ሙሉ ማየት የለበትም። የተከተለውንም እዩት። በ1972 ፕሬዚዳንቱ ማርኮስ ወታደራዊ አገዛዝ አወጀ። 18 ዓመት የገባው በ1973ቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ እሱም በምስጢር ድምፅ ሳይሆን ከ15 ዓመት ጀምሮ ያለው ሰው በየሰፈሩ ተሰብስቦ እጅ እያወጣ ጸደቀ የተባለ ነው። በነጻነት የሚጠየቁበት ቀን አለፈባቸው። ይሄ ያንገበግበኛል።

ወልድያ፦
ወደኛም እንምጣ። በሕገ መንግሥታችን 18 ዓመት ያለው አንቀጽ 38 ነው፣ ምዕራፍ ሦስት ውስጥ። እሱን ለማሻሻል በአንቀጽ 105 መሠረት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ማጽደቅ አለባቸው። አንቀጽ 104 ሐሳቡ ለሕዝብ ውይይትና ውሳኔ ይቀርባል ይላል፣ 105 ላይ ግን ድምፅ የሚሰጡት ምክር ቤቶቹ ብቻ ናቸው። ክርክር ቢነሳ ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት አይደለም፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ስለዚህ መምህር፣ የልጅቷ ጥያቄ እኛ ጋ ይብሳል።

መምህሩ (ደሴ)፦
አላህ ይስጣችሁ። 104ንና 105ን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፍኳቸው፣ ክፍሉ ተንጫጫ። ልጅቷን ከፍርድ ቤቱ ወገን ሆነሽ ተከራከሪ ብላት እምቢ አለች። የኮምቦልቻውን ሐሳብ በደብተሯ ገልብጣ ይዛለች። ክርክሩ አርብ ነው።