የመመረቂያ ጽሑፍ፦ የጥናት ዘዴውና የውጤቱ ምዕራፍ እንዴት ይጻፍ?

ጥያቄ (የሐዋሳ ተመራቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ ከተማ አትክልት የሚቸረችሩ ሴቶች ከዕለት ገቢያቸው ምን ያህሉን በእቁብ እንደሚቆጥቡ የሚያጠና የመመረቂያ ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ እገኛለሁ። መረጃውን ሰብስቤ ጨርሻለሁ፤ ሆኖም አማካሪዬ ሦስተኛውንና አራተኛውን ምዕራፍ «የመጀመሪያው ያደረግሽው አይደለም፣ ሁለተኛውም ያገኘሽው አይደለም» ብለው መለሱልኝ። የጥናት ዘዴውን ያስገባሁት ከፕሮፖዛሉ እንዳለ ወስጄ ነው፤ በውጤቱ ምዕራፍም ከየሰንጠረዡ ሥር ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል እያልኩ አብራርቻለሁ። በዕጣ ከወጡት ሴቶች አንዳንዶቹን ስላላገኘኋቸው በአጠገባቸው የሚሸጡትን ጠይቄአለሁ፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ጥያቄዎቹን በሲዳምኛ ያነበበችላቸው ጓደኛዬ ናት። ይህን ሁሉ ብጽፍ ጥናቴን ዝቅ አያደርግብኝም?

ምላሽ (መምህር፣ ከአዳማ)

የተከበሩ ጠያቂ፣ አማካሪዎ ትክክል ናቸው። ፕሮፖዛል ዕቅድ በመሆኑ «ናሙናው በዕጣ ይመረጣል፣ መጠይቁ ይበተናል» ይላል። ብዙ ተማሪዎች ግሱን ወደ ኃላፊ ጊዜ ለውጠው «ተመረጠ፣ ተበተነ» በማለት ምዕራፉ የተስተካከለ ይመስላቸዋል፤ እርስዎ ግን አሁን በሁለት ዐረፍተ ነገር የነገሩን ነገር በምዕራፉ ውስጥ የለም። ጥያቄው ተነቦላቸው በቃል የመለሱ ሴቶች የሰጡት ቃለ መጠይቅ ነው። ሰው ብቻውን ሲሞላና በሌላ ሰው ፊት ሲናገር፣ በተለይ ስለ ገንዘብ ሲጠየቅ፣ መልሱ አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የሲዳምኛው ትርጉም አስቀድሞ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ እንደሆነ ወይም በቦታው በቃል እንደተተረጎመ፣ በዚህ መንገድ የመለሱትም ስንት እንደሆኑ ይግለጹ። በዕጣ የወጣችን ሴት በጎረቤቷ ሲተኩም ምርጫው በዕጣ መሆኑ ቀርቶ በመገኘት ሆኗል፤ ያልተገኙት ዕቃ ለማምጣት የሄዱና ንግዳቸው ሰፋ ያለ ሴቶች ከሆኑ፣ የቁጠባው መጠን ከእውነቱ አንሶ ሊታይ ይችላል። አንባቢ ይህን የማወቅ መብት አለው።

ምላሽ (የቀድሞ ተመራቂ)

እህቴ፣ እኔ በቁጥሮቹ ላይ ልጨምር። የናሙናውን መጠን በያማኔ ቀመር (ከጠቅላላው ብዛት ተነስቶ ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት በሚያሰላው ቀመር) አስልተሽ ከሆነ ያስገባሻቸውን ቁጥሮች ጭምር አሳዪ። ለምሳሌ የነጋዴዎቹ ብዛት 1200፣ የስህተት ወሰኑም 0.05 ቢሆን፣ 1200 በ0.05 ካሬ (0.0025) ተባዝቶ 3፣ 1 ሲደመርበት 4 ይሆናል፤ 1200 ለ4 ተካፍሎም 300 ይመጣል፤ 1200ው ከየት እንደተገኘም መጠቀስ አለበት። ከ300ዎቹ የተሟላ መልስ የሰጡት 273 ቢሆኑ የምላሹ መጠን 91 በመቶ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት መቶኛዎች ሁሉ ከ273 ይሰላሉ። በእኔ ጽሑፍ አንዱ ሰንጠረዥ ከተበተነው፣ ሌላው ከተመለሰው ተሰልቶ በመገኘቱ በፈታኞቹ ፊት መልስ አጥቼ ነበር። ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም 0.000 ብሎ የሚያወጣውን የፒ ዋጋም (በእውነቱ ልዩነት ወይም ግንኙነት ባይኖር ያገኘሽውን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ውጤት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉን) እንዳለ አትገልብጪ፤ ፕሮግራሙ በሦስት አኀዝ ስላጠጋጋው እንጂ ዋጋው ዜሮ ስላልሆነ «ከ0.001 ያነሰ» ተብሎ ይጻፋል።

ምላሽ (መምህር፣ ከአዳማ)

የገቢን ነገር ሳልጠቅስ ቀረሁ። ጥቂት ሴቶች ከሌሎቹ እጅግ የበለጠ የሚያገኙ ከሆነ አማካዩ ወደ እነርሱ ስለሚሳብ፣ ገቢዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለውን ቁጥር አብረው ያቅርቡ። ማብራሪያዎችዎን አይጣሏቸው፤ ወደ ውይይቱ ክፍል ይውሰዷቸው። አንዳንድ የትምህርት ክፍሎች ውጤትንና ውይይትን በአንድ ምዕራፍ ስለሚያስጽፉ የክፍልዎን መመሪያ አስቀድመው ይመልከቱ፤ እንደዚያም ቢሆን በየርእሱ ቁጥሩ ይቅደም፣ አስተያየቱ ይከተል።

ምላሽ (የሐዋሳ ተመራቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመስክ ማስታወሻ ደብተሬን ገልጬ ስመለከት የተተኩት ሴቶች ከነቀናቸው ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹን ያጣኋቸው በገበያ ቀን ዋዜማ ነው። በዕጣ የወጡትንና በምትክ የገቡትን ለይቼ ቁጠባቸውን ጎን ለጎን በአንድ ሰንጠረዥ አቀርባለሁ።