ገናችን መቼ ነው? ታኅሣሥ 29 ወይስ ዲሴምበር 25

የመወያያ ጥያቄ፦
በ2018 ዓ.ም. ገና ረቡዕ ስለዋለ፣ በአሜሪካ የምንኖር ብዙ ወላጆች ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ልከን፣ እኛም ሥራ ውለን፣ በዓሉን ማታ በድካም ተቀብለነዋል። ከዚያ ወዲህ «ለምን ዲሴምበር 25 ቀን ከአገሩ ሕዝብ ጋር አናከብረውም?» የሚለው ሐሳብ በተደጋጋሚ ስለተነሣ፣ በግልጽ እንድንከራከርበት አቅርቤዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቀኗን ትቀይር የሚል ሰው እስካሁን አልሰማሁም፤ ጥያቄው ቤተሰብ የገና ማዕዱን መቼ ይዘርጋ የሚለው ነው።

አባት፣ ከሜሪላንድ፦
እኔ ማዕዱ ወደ ዲሴምበር 25 ይምጣ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ይህን የምለውም ባህሌን ንቄ አይደለም። እኔና ባለቤቴ በተለያየ ፈረቃ የምንሠራ ሰዎች ስለሆንን፣ በዓመት ውስጥ አራታችንም ቤት የምንውልበት የታወቀ ቀን ቢኖር ዲሴምበር 25 ብቻ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ 29 ከሥራ ስገባ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ዶሮው ቀዝቅዟል፤ ባለቤቴ ለነገ ሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር። ልጆቼ ነገ ስለ ገና የሚያስታውሱት የደከሙ ወላጆችን ከሆነ ምኑን በዓል ሆነ? ዩክሬን በአውሮፓውያን 2023 በሕግ በዓሉን ከጃንዋሪ 7 ወደ ዲሴምበር 25 አዛውራለች፤ የግሪክ ቤተ ክርስቲያንም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ተመሳሳይ ለውጥ አድርጋለች። በዚህ ክርስትናቸው ጎደለ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

እናት፣ ከቨርጂኒያ፦
ወንድሜ፣ የፈረቃውን ችግር እኔም ስለምኖረው በእሱ አልከራከርዎትም። የዘነጉት ጾሙን ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባና እስከ ልደት ዋዜማ ይዘልቃል፤ ዲሴምበር 25 የሚውለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16፣ በጾሙ በ32ኛው ቀን ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ልጆቼ ለምነውኝ በዚያ ቀን ማዕድ ዘርግቼ ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር ነበሩ። ልጆቹ በዶሮ ወጡ ዙሪያ ሲሻሙ፣ እናቴ ከጠረጴዛው ጫፍ ሽሮና ጎመን ቀርቦላቸው «እናንተ ብሉ፤ እኔ ቀኔ ሲደርስ እበላለሁ» ይሉ ነበር። ትንሹ ልጄ እንቁላል አንሥቶ ሊያጎርሳቸው ሲጠጋ፣ እጁን ሳሙትና እንቁላሉን መልሰው በሳህኑ ላይ አኖሩለት። ልጁ «አያቴ ተቆጥታኛለች?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። 13 ቀን ቆይቶ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ዶሮ የሚሠራ ጠፋ፤ «በልተናል እኮ» ተባለ። እናቴ የዚያን ዓመት ጾማቸውን የፈቱት በማቀዝቀዣ ውስጥ በተረፈ ወጥ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

የዩክሬንን ምሳሌ በተመለከተ፣ በዚያ የተዛወረው ማዕዱ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው የቋሚ በዓላቷን አቆጣጠር በሙሉ ስለለወጠች ጾሙም አብሮ 13 ቀን ቀድሞ ይገባል፤ ውሳኔውም ከጦርነቱና ከሞስኮ ከመለየት ጋር የተያያዘ ነበር። እኛ በየቤታችን ጾሙን በቦታው ትተን ፍስኩን ብቻ ብናዛውር፣ ቤተሰቡን በአንድ ገበታ ላይ ለሁለት እንከፍለዋለን።

ወንጌላዊ አማኝ፣ ከቴክሳስ፦
የእኅታችን ታሪክ ልቤን ነክቶታል፤ ነገር ግን ጾመ ነቢያትን ለማንጾም ቤተሰቦች ክርክሩ አይሠራም። አገር ቤት ሳለን እኛም ታኅሣሥ 29ን እናከብር የነበረው ጎረቤቱ ሁሉ ስለሚያከብር፣ ልጆቻችንም ከሰፈሩ ልጆች ተለይተው እንዳይውሉ ስለምንፈልግ ነው። በዚያው ሚዛን ከተመዘነ፣ እዚህ ጎረቤቴ የሚያከብረው ዲሴምበር 25 ነው።

ዲያቆን፣ ከለንደን፦
ለእርማት ያህል ብቻ እጽፋለሁ። በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ ልደት የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ነው፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲሁ ነበር። ከመጋቢት 29 ጽንሰት እስከ ልደት 9 ወር ከ5 ቀን ስለሚቆጠር፣ ጳጉሜን አንድ ቀን ስትጨምር ልደት አንድ ቀን ትቀድማለች፤ ጃንዋሪ 7 በየዓመቱ ሳይነቃነቅ የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁንና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2100 ፌብሩዋሪ 29 ስለማይኖር፣ ከ2101 ጀምሮ በዓላችን ጃንዋሪ 8 ላይ ይውላል። ስለዚህ «ጃንዋሪ 7» እያላችሁ የምትጽፉ ሁሉ፣ የምትጠብቁት የፈረንጁን ቁጥር ሳይሆን የራሳችሁን ባሕረ ሐሳብ መሆኑን አትርሱ።

እኅት፣ ከአዲስ አበባ፦
ከውጭ ያላችሁት አገር ቤት ሁሉ ነገር እንደ ጥንቱ የቀጠለ እየመሰላችሁ ትጽፋላችሁ። በእኛ ቤት የገና ዛፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ነበር። አባቴ የፈረንጅ ጥድ ቅርንጫፍ ቆርጠው ያመጡና አሸዋ በተሞላ የዘይት ቆርቆሮ ይተክሉታል፤ እኛ ደግሞ ጥጥ እየበጣጠስን ለበረዶ ብለን እንለጥፍበታለን። ከክረምት ዝናብ ጋር ቆርቆሮ ከሚደበድበው በቀር በረዶ አይተን የማናውቅ ልጆች ነበርን። ጥጡ የእናቴ መፍተያ ስለነበረ፣ በዓሉ ሲያልፍ አንድ በአንድ ለቅመን እንመልስላት ነበር። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ድፎው ተቆርሶ፣ አጠገቡ ያ ጥጥ የለበሰ ጥድ ሲቆም ማንም አልተጨነቀም። ዛሬ ጥዱ በፕላስቲክ ተተክቷል፤ የገና አባትም በየሱቁ በር ቆሟል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን የሰፈሬ ልጆች ሁሉ ያውቁታል፤ ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩር ሲመታ ያየሁት ልጅ ግን የለም።

እንግዲህ እኛም የነካካነው ብዙ ነው፤ ያልነካነው ቀኑን ነው። በታኅሣሥ 29 ጠዋት ስትደውሉልን «እንኳን አደረሳችሁ» ስንባባል ሁለታችንም ደርሰናል። በዲሴምበር 25 ብትደውሉ ግን ምን ብለን እንመልስላችሁ? «እናንተን እንኳን አደረሳችሁ፤ እኛ ገና ነን» እንበል?

ተማሪ፣ ከሚኒሶታ፦
እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ፣ ስለ ልጆች ሲነገር እኔም ልናገር። ጋሼ ከቴክሳስ ስለ ጎረቤት ያሉት እውነት ነው፤ ሆኖም ጎረቤት የማያከብረው በዓል ለልጅ ምን እንደሚመስል ልንገርዎት። በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሳምንት በሰፈራችን ያለው ዛፍ ሁሉ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጎን መንገድ ዳር ይጣላል፤ የእኛ ቤት መብራት ብቻ እንደበራ ይቀራል። ሕፃን ሳለሁ አፍር ነበር። እናቴ ጌጣጌጡን ከዲሴምበር 25 በኋላ በግማሽ ዋጋ እየገዛች «ለእኛ ሲሉ አረከሱልን» ትለን ስለነበር፣ ቆይቼ ግን እኮራበት ጀመር። ለመምህሬ የቀሪነት ደብዳቤ ይዤ ስሄድ በዓሉን ማስረዳት ነበረብኝ፤ ለማስረዳት ደግሞ መጀመሪያ እናቴን መጠየቅ ነበረብኝ። ዲሴምበር 25 ቢሆን ኖሮ ማንም ምንም አይጠይቀኝም፤ እኔም አልጠይቅም ነበር። ዶሮ አሥራ ሁለት ቦታ እንዴት እንደሚገነጠል የተማርኩት በአንዱ እንዲህ ባለ የቀሪነት ቀን፣ ከዕቃ ማጠቢያው ፊት ወንበር ተደርጎልኝ ቆሜ ነው።

ነርስ፣ ከሜሪላንድ፦
የፈረቃውን ጉዳይ ከላይ ላነሡት ወንድሜ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጠቁም። እኔ ዲሴምበር 25 ሥራ ለመግባት በፈቃዴ እመዘገባለሁ። ያን ቀን ቤቱ መዋል የማይፈልግ ባልደረባ ስለሌለ፣ በምትኩ ጃንዋሪ 6 ማታና 7 ቀን ሲሸፍኑልኝ በደስታ ነው፤ የዲሴምበሩም ክፍያ ብዙ ቦታ ከፍ ይላል። ቅዳሴው ሌሊት አልፎ ስለሚወጣ፣ ሁለቱንም ፈረቃ ካልጠየቁ አንዱ ብቻ አይጠቅምም። ጥያቄውን ግን በኅዳር ሳይሆን በመስከረም ያስገቡ፤ ከዘገዩ ሌላ ሐበሻ ይቀድምዎታል።

አባት፣ ከሜሪላንድ፦
ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። በዩክሬን ምሳሌ ላይ ጾሙን አለማንሣቴ ስሕተት ነበር፤ እሱን እቀበላለሁ። ልጆቼ በዲሴምበር 25 ባዶ እጃቸውን ይዋሉ የሚለውን ግን አልቀበልም። ያን ቀን ስጦታቸውን ይከፍታሉ፤ ምግቡ የጾም ይሆናል፤ ዶሮው ይቆያል። በ2019 ዓ.ም. ገና ሐሙስ ስለሚውል፣ የሁለቱን ፈረቃ ጥያቄ ዛሬ ማታ ለአለቃዬ ልኬያለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ይህን ሁሉ ካነበበች በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዛፉ እስከ መቼ ይቆማል?