ክርክር፦ ልጅነትና ወጣትነት ራሱን የቻለ ዲግሪ ያስፈልገዋል?

የጎፋዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለማስተርስ መስክ እየፈለግሁ ነው። ኖርዌይ፣ ትሮንሄም ያለው ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት «የልጅነት ጥናት» በሚል ማስተርስ ሲሰጥ ቆይቷል። ለአባዬ ስነግረው ሳቀብኝ። «አራታችሁንም ያሳደግኩት ሳልማር ነው» አለ። እኛስ አገር ለብቻው ትምህርት ክፍል ይከፈትለት ትላላችሁ? ወይስ ሳይኮሎጂና ሶሻል ወርክ ውስጥ ሁለት ሦስት ኮርስ ይበቃል?

ተመራቂ 2015፦ ይበቃል! እኔ የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ባች ነኝ፤ አልፌያለሁ። ሥራ ልመዘገብ ስሄድ ማስታወቂያው ላይ «ተዛማጅ» ከተባሉት መስኮች ውስጥ የኔ ዲፓርትመንት የለም። ኮርሶቹ ከሶሲዮሎጂ ጋር አንድ ናቸው ብል ማን ይስማኝ። መዝጋቢዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ስሙ አይመሳሰልም ልጄ» ብለው ሸኙኝ። አዲስ ስም ያለው ዲግሪ ማለት ለኔ ይሄ ነው።

የወረዳ ሰው፦ የተመራቂን ብሶት አውቀዋለሁ፤ እኛም መሥሪያ ቤት በየቀኑ አያለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሥራዬ ወረዳ ላይ በሕፃናት ጉዳይ ነው። አንዴ ቅጽ ይዘን ገጠር ወጣን። አሥራ አንድ ዓመት የሚሆነው ልጅ ተጠየቀ፦ «ሥራ ትሠራለህ?» «አልሠራም።» ባልደረባዬ «አይሠራም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ጨርሰን ውሃ እየጠጣን ወሬ ጀመርን። ጠዋት ከብት ያወጣል። ውሃ ይቀዳል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ታናሽ እህቱን ያዝላል። ቅዳሜ ገበያ እንቁላል ይሸጣል። እሱ ጋ ሥራ ማለት መምህሩ ደመወዝ የሚበላበት ነው። የሱ «መላላክ» ነው። «ትናንት ከነቃህ ጀምሮ ምን ምን አደረግህ?» ብንለው ኖሮ ቅጹ ሌላ ነገር ይናገር ነበር።

ይህን ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም። የልጆችን አስተሳሰብ ስላጠናው የስዊዘርላንድ ሳይኮሎጂስት ስለ ፒያዤ ግን ተምሬያለሁ። ሰውዬው የራሱን ሦስት ልጆችና የጄኔቫን ልጆች እያየ የጻፈውን እኛ ለፈተና ሸመደድን። እንቁላል ሸጦ መልስ የሚያሰላ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እዚያ ውስጥ የለም።

እናት ነኝ፦ የወረዳ ሰው፣ ጥሩ ብለሃል። ግን ልጅ የተናገረውን ሁሉ ጥናት ልናደርገው ነው? «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይባላል እኮ።

የወረዳ ሰው፦ እናቴ፣ ተረቱ እኮ ለኔ ነው የሚመሰክረው። አንዱ ብስል ነው ይላል። የትኛው እንደሆነ መለየት ነው ሙያው።

ጥብቅና፦ እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ለመሆኑ የማንን ዕድሜ ነው የምታጠኑት? የወንጀል ሕጋችን ከ9 ዓመት ጀምሮ ይጠይቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በ15 መቀጠር ይቻላል። ለጋብቻ 18 ነው። የ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ያለውን ነው፤ የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ደግሞ እስከ 35 ይወስደዋል። የ16 ዓመቷ ልጅ ሕፃንም ወጣትም ናት። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሥራ አጥቶ እናቱ ቤት የሚያድር የ32 ዓመት ጎረምሳ «ልጁ» ነው የሚባለው። ኮንዶሚኒየም የደረሰው እኩያው «አቶ» ተብሏል። በልደት ብቻ የሚለካ ነገር አይደለም። ይህን ሳይኮሎጂ ብቻውን፣ ሕግም ብቻውን አይጨርሰውም።

ተመራቂ 2015፦ ስለዚህ ሁሉም ይተባበር በላ! ትምህርት ክፍል ምን ያደርጋል?

የጎፋዋ፦ ያንግ ላይቭስን ታውቁታላችሁ? እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እኛ አገር 3,000 ልጆችን ሲከታተል የኖረ ጥናት ነው። ሕንድ፣ ፔሩና ቬትናምም አለ። ዋና መቀመጫው ኦክስፎርድ ነው። መጀመሪያ አንድ ዓመት ገደማ የነበሩት ዛሬ ሃያዎቹን አጋምሰዋል። ልጆቹ የኛ፣ ማስተርሱ የሰው አገር። አያበሳጭም?

ተመራቂ 2015፦ ያበሳጫል። ግን እዚያ የሠሩት የአገራችን ተመራማሪዎች የኢኮኖሚክስ፣ የሶሲዮሎጂ ሰዎች ናቸው። «የልጅነት ዲግሪ» ይዘው አልነበረም። ለኔ ነጥብ ቁጠሩልኝ።

የወረዳ ሰው፦ ተቆጥሯል። እንግዲህ ለመጀመሪያ ዲግሪ ባይከፈት ይሻላል፤ የ18 ዓመት ልጅ «ልጅነት» ተመድቦለት አራት ዓመት ይጉላላል። ማስተርስ ግን ይከፈት። አስተማሪው፣ ነርሱ፣ ፖሊሱ፣ እኔ ብጤው አምስት ዓመት ሠርቶ ጥያቄ ይዞ ይምጣበት። ነባሩ የመጀመሪያ ዲግሪው ስላለው ተዛማጅ ጣጣም የለበትም።

እናት ነኝ፦ ፖሊሱ መጀመሪያ ይግባ ብያለሁ። ልጄን ኳስ ሲጫወት ይዘውት ያደሩ ቀን ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቅ።

ጥብቅና፦ ከየወረዳ ሰው ጋር ነኝ። ግን ማን ያስተምራል? ውጭ የተማሩት ይመለሳሉ ወይ? ይህን ሳንመልስ ሕንጻ ብቻ እንዳንሠራ።

የጎፋዋ፦ ትሮንሄም ለኔ ሳይርቅ አልቀረም። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪ እንዲከፍል አድርጋለች። ነጻ የነበረው ቀርቷል። በነገራችን ላይ ትናንት አባዬን የየወረዳ ሰውን ጥያቄ ጠየቅሁት። መጀመሪያ «ልጅ ሆነህ ትሠራ ነበር?» ስለው «ኧረ ምን ሥራ፣ ስጫወት ነው ያደግኩት» አለ። «እስቲ አንዱን ቀን ከንጋት ጀምሮ ንገረኝ» ስለው ጥጃ ማሰር ላይ ጀመረ። ቡናው ሦስተኛው ሲደርስ ገና ረፋድ ላይ ነበርን።

ተመራቂ 2015፦ ጥሩ። አሁን አባትሽ ዲግሪውን ፈቀዱ ማለት ነው። መዝጋቢዋን ማን ያናግርልን?